ለአያ ገብሬ ያሰርኩት መንጠቆ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ዘርዝሬ እዚህ ላይ ስደርስ ዝም እላለሁ። አንተ አንባቢ ስለማታውቀኝ ይሆናል ድፍረቱ የመጣልኝ። ስማኝ እንግዲህ፤ ነገሬን አላለሳልስም።

ጎንደር አራዳ ውስጥ ጫማ ሰፊ ነኝ። የምኖረው በክርና በቋጠሮ ነው፤ በሙያዬ ደግሞ አልታማም። እሁድ እሁድ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ግድብ ሄጄ አሳ አጠምዳለሁ። አሳ ማጥመዱን ያስተማረኝ አያ ገብሬ ነው፤ ጡረታ የወጣ የመጋዘን ዘበኛ፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከዚያ ውሃ ሌላ ወዳጅ ያልነበረው ሰው። የዘንግ አያያዙን፣ ዝም ብሎ መቀመጡን፣ ትዕግስቱን ሁሉ ያገኘሁት ከእሱ ነው።

ግድቡ ውስጥ ካርፕ የሚባል ትልቅ አሳ አለ። ምግቡን የሚለቅመው ከታች፣ ከጭቃው ላይ ነው። መንጠቆ ላይ የሰካኸው ሊጥ ግን ለስላሳው ደለል ውስጥ ሰምጦ ይቀርና አሳው አያገኘውም። ይህን አይቼ አንድ ዘዴ አወጣሁ። የሽምብራ ሊጡን በቡሽ ቁራጭ ዙሪያ አድቦልቡዬ እንዲንሳፈፍ አደረግኩት። ከዚያ የአተር ፍሬ የምታህል የእርሳስ ብረት ከመንጠቆው አራት ጣት ለክቼ ክሩ ላይ አጣበቅኩ። ብረቷ ጭቃው ላይ ታርፋለች፤ ሊጡ ከእሷ አራት ጣት ከፍ ብሎ ካርፑ አፍ ፊት ይቆማል። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ልኩ ላይ ነው። ብረቷ ከመንጠቆው ከራቀች ሊጡ ሽቅብ ይወጣል፤ አሳው በሥሩ ያልፋል።

የአያ ገብሬ ዓይን የቅርቡን ማየት አቅቶት ስለነበር የእሱንም መንጠቆ የማስርለት እኔ ነበርኩ። በግድባችን ደግሞ አንድ ልማድ አለ፤ ባልንጀራህ ያሰረልህን መንጠቆ አትለካም፣ አትዳብስም። መዳበስ ሰውየውን መጠርጠር ነው፣ ነውር ነው። ተቀብለህ «እጅህ ይባረክ» ትላለህ፣ ወደ ውሃው ትወረውራለህ፣ አለቀ።

ዘዴዬ ታወቀ፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ «የአያ ገብሬ አስተሳሰር» ይለው ጀመር። እሱማ «ኧረ የእኔ አይደለም፣ የዚህ ልጅ ነው» ይል ነበር። ማን ሰምቶት! እኔም ያኔ አርባ ዓመት አልፎኝ ነበርና ልጅነትን ምክንያት ማድረግ አልችልም። አንገበገበኝ። በዚያው ሰሞን አጥማጆቹ ተሰብስበን ለአዲስ ገቢዎች የሚያስተምር አንድ ሰው ለመምረጥ ተስማማን። እሁድ ጠዋት ሁሉም ያጥምድ፣ የተሻለው ይሁን ተባለ። የሁሉም ልብ አያ ገብሬ ላይ ነበር።

እሁድ ጠዋት መንጠቆውን አሰርኩለት። ብረቷን ከአራት ጣት አውጥቼ ክንድ ሙሉ አራቅኋት። እኔ ነኝ ያራቅኋት። እጄ ስቶ ነው? አይደለም፤ የእኔ እጅ አይስትም። እያወቅኩ፣ ለክቼ፣ በጥርሴ ነክሼ አጠበቅኩና ሰጠሁት።

«ምነው ዛሬ ዝም አልክ?» አለኝ። «ሸጋ አድርገህ አስረኸዋል፤ እጅህ ይባረክ።»

እንዳልኩህ ዓይኑ የቅርቡን አያይም፤ ልማዱም መዳበስን አይፈቅድለትም። እምነቱን ነው መሣሪያ ያደረግኩበት። እስከ ቀትር እኔ አራት አወጣሁ፤ ጀማሪዎቹ እንኳ አንድ አንድ አገኙ። የእሱ ክር ግን ንቅንቅ አላለም። ሰዎቹ መጀመሪያ ቀለዱ፣ ኋላ ፊታቸውን ወደየራሳቸው ክር መለሱ። በመጨረሻ ክሩን ጠቀለለ፣ ሁለቱንም መዳፎቹን ገልብጦ ገልብጦ አያቸውና «በቃ፣ እጄ ከዳኝ» አለ።

እዚያች ላይ መናገር እችል ነበር። ምን ከለከለኝ? አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። እኔ ግን «ዕድሜ ነው አያ» አልኩት። ብረቷን ካራቅኩበት እጄ ይልቅ ይህን ያለው አፌ ይከብደኛል። በእጄ አንድ ጠዋት ብቻ ነው የሰረቅኩት፤ በአፌ ግን የቀረ ዘመኑን።

ዘንጉን ለእኔ ሰጠኝ። አስተማሪም ተባልኩ፤ ደግሞም ጥሩ አስተማሪ ነኝ፣ ይህን አልክድም። አያ ገብሬ ማክሰኝት ያለች ልጁ ዘንድ ሄደ፤ ወደ ግድቡም ተመልሶ አልመጣም። ይኸው ስድስት ዓመት ሆነ።

ባለፈው ወር ልጁ ጫማ ልታሰፋ ሱቄ መጣች። አባቷን ጠየቅኳት። «ምን እባክህ፣ በሩ ሲላላ ሚስማር እንኳ አይመታም» አለችኝ። «‹የማይረባ እጅ ነው፣ አበላሻለሁ› ይላል። ደህና ሰው ነው እኮ፤ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ ይውላል።» ጫማዋን አሳምሬ ሰፋሁላት። አመስግናኝ ወጣች። አልነገርኳትም። ቀድሞ መስማት ያለበት ማን ሆነና?

ቅዳሜ በጠዋት ማክሰኝት እሄዳለሁ። ቆርጫለሁ። ቀንቼ ነው ብዬ አላስተዛዝንም፣ ሰይጣን አሳሳተኝም አልልም። ይቅርታውንም አልለምነውም፤ ከነፈገኝ አይፈረድበትም። በሩን ቢዘጋብኝ እንኳ ከውጭ ቆሜ፣ ጎረቤት ቢሰማም ይስማ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ እነግረዋለሁ፦ አያ ገብሬ፣ እጅህ አልከዳህም። የከዳሁህ እኔ ነኝ።