ግማሽ ጣሳ ውሃ ለወይራ

ባለፈው ክረምት አብነት ሰፈር ካለው ቤቴ ደጃፍ ልጆች ችግኝ ይዘው መጡ። ሁሉም አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰዋል፤ ፎቶ አንሺ ከኋላ ይከተላቸዋል። አንዷ ቀረብ ብላ፣ «አባባ፣ ዛፍ ኦክስጅን ይሰጣል፤ እርስዎም ይትከሉ» አለችኝ። አምና የተከላችሁት የታል ብዬ አፈጠጥኩባት። ደርቋል። የካቻምናውን ፍየል በልቶታል። ችግኙን መሬት ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች። የወይራ ችግኝ ነበር። ሌላ ዛፍ ቢሆን ወርውሬው ነበር።

ፊደል የቆጠርኩት ጥቂት ነው፤ እንደ መጣልኝ ልጻፈው። በጉልምስናዬ እኔና ሸምሱ እንጨት ቆራጮች ነበርን። አንድ ረጅም መጋዝ ነበረን፤ እሱ ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ እየሳብን እንጀራችንን እናገኝ ነበር። እሱ እስላም፣ እኔ ክርስቲያን፣ ሥጋችን ስለሚለያይ ምሳችን ሁልጊዜ ሽሮ ነው፤ የምንበላው ግን ከአንድ ሰሃን ነው።

መርካቶ፣ እህል በረንዳ ጀርባ አንድ ያረጀ ወይራ ነበር። የተጣላ ነጋዴም ሆነ ተሸካሚ፣ ሽማግሌ የሚያስታርቀው እዚያ ሥር ነው። ነገሩ ሲያልቅ ሁለቱ ባላንጣዎች አንድ ጣሳ ውሃ አብረው ይዘው ሥሩ ላይ ያፈሳሉ። መርካቶ ደግሞ ጠብ ጠፍቶባት አያውቅም፤ ስለዚህ ወይራውን በጋም ቢሆን ውሃ ጠምቶት አያውቅም።

አንድ ባለሱቅ በቦታው መጋዘን ሊሠራ ፈለገና ቁረጡልኝ አለን። ከዚያ በፊት አንድ ባለመነጽር ባለሙያ መጥቶ ግንዱን በሜትር ለክቶ፣ አገር በቀል ስለሆነ አይነካ የሚል ወረቀት ሰጥቶት ነበር አሉ። ባለሱቁ ወረቀቱን ኪሱ ከተተው። እኛም መጋዛችንን ግንዱ ላይ አሳረፍን።

ጥቂት እንደ ሳብን፣ እዚያው ጥላ ሥር ቆሎ የምትሸጠው እትዬ ዘነበች ከመቀመጫዋ ሳትነሳ፣ «ሸምሱ፣ አባትህ ከወንድሙ ጋር ሰባት ዓመት ተኳርፎ የታረቀው እዚህ ነው። ጣሳውን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ» አለችው። ሸምሱ እጀታውን ለቀቀ። ወረቀት ያላስቆመውን መጋዝ የቆሎ ሻጭ ወሬ አስቆመው።

እኔ ግን ግትር ነኝ። በወሬ ሆድ አይሞላም አልኩት። እሱም ኮቱን አንስቶ፣ «በል ብቻህን ቁረጠው። ነገ ከእኔ ጋር የምትታረቅበት ግን የለህም» አለኝ።

መጥረቢያ ተውሼ ሁለት ቀን ፈጀሁበት። ሴቶቹ ስብርባሪውን ለጠላ ጋን ማጠኛ እየለቀሙ ወሰዱ፤ ሰፈሩ ሁሉ ወይራ ወይራ ሸተተ። ያንን ሽታ እስከ ዛሬ አልወደውም።

በኋላ ሽማግሌዎች ሊያስታርቁን አንዴ ሆቴል፣ አንዴ ሰው ቤት አስቀመጡን። ሸምሱ ግን «ውሃውን የት ልናፈሰው ነው? ሲሚንቶ ላይ ነው ወይ?» እያለ ተነስቶ ይሄዳል። እኔም ልለምነው አልወደድኩም። እንዲሁ እንደ ተኳረፍን አረጀን። ዛሬ ሲኒማ ራስ አጠገብ ጆንያ ይሸጣል፤ በዚያ ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ፣ እሱም ያዞራል።

ችግኙን ማንም ሳያየኝ ደጄ ላይ ተከልኩት። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ቀጥ ሲል ቅጠሉ መጠውለግ ጀመረ። አንድ ጠዋት ባዶ ጣሳ ይዤ፣ በሰው መሃል እየተጋፋሁ ሲኒማ ራስ ሄድኩ። ሸምሱ ጣሳውን አየ፤ እኔን አየ።

«ደግሞ የትኛው ሞኝ ነው ዛፍ ለአንተ በአደራ የሰጠህ?» አለ።

ጣሳዬን እንደ ያዝኩ ወደ ቤቴ ዞርኩ። ሱቁን ለጎረቤቱ አደራ ብሎ፣ ከኋላዬ እየተነጫነጨ ተከተለኝ። ደጄ ስንደርስ ጣሳውን ሞልቼ ችግኙ ላይ አብረን ያዝነው፤ እጁ እንደ ድሮው ሻካራ ነው። ግማሹ እንደ ፈሰሰ ግን ጣሳውን ቀና አደረገው።

«የቀረውን፣ ከጸደቀ» ብሎኝ ሄደ።

ይኸው በየማለዳው አጠጣዋለሁ። ዙሪያውን በቆርቆሮ አጠርኩት፤ ፍየል ከቀረበ ድንጋይ አነሳለሁ። ስለ ኦክስጅን ብዬ አይደለም። ያቺ ልጅ ከተመለሰች፣ ችግኝ ከመስጠትሽ በፊት ሁለት የተጣሉ ሰዎች ፈልጊ እላታለሁ። ግማሹ ውሃ እንደሆነ አሁንም ጣሳው ውስጥ ነው፤ ከድኜ አስቀምጬዋለሁ።