የቆራጩ ትርፍራፊ

ከፎቶ ቤቱ ጀርባ፣ ወረቀትና ቀለም ከሚከማችበት ክፍል ቀጥሎ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። አንድ ወንበር፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ የጆሮ ማዳመጫ፤ ሁለተኛ ሰው ቢገባ መቆሚያ እንጂ መቀመጫ አያገኝም። እዚያ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት የተቀመጠውን ሰውዬ ሁሉም ቆራጩ ይለዋል። ሰዎች በትንሿ የእጅ ካሜራቸው የቀረጹትን የልደትና የምርቃት ቪዲዮ ያመጡለታል። እሱ የተንቀጠቀጠውን፣ የጨለመውን፣ ጣት የሸፈነውን ይቆርጣል፤ የቀረውን ይቀጥላል፤ ሙዚቃ ያለብሰዋል፤ በዲስክ አድርጎ ይመልሳል።

ካሜራው ዲጂታል ይባል እንጂ የአንድ ሰዓት ካሴት ወደ ኮምፒውተሩ ለመግባት ድፍን አንድ ሰዓት ይፈጃል። ሌላ ሰው ቢሆን ገመዱን ሰክቶ፣ ወጣ ብሎ ነፋስ ተቀብሎ ይመለሳል። ቆራጩ ግን የት ይሄዳል? ተቀምጦ ያያል። በዚህ የተነሳ የሰፈሩ ልጆች ጥርስ ሲያወጡም ሲያወልቁም አይቷል። መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ፈገግ ይልላቸዋል፤ እነሱ ደግሞ ወደ እናታቸው ቀሚስ ይጠጋሉ። ምን ያድርጉ፣ እሱ ያውቃቸዋል እንጂ እነሱ የት ያውቁታል! የሚኖረውም ብቻውን ነው። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የተባለው ለስስታም ነው፤ እሱ ግን የሚያካፍለው ሰው አጥቶ ነውና ተረቱ ያለ ኃጢአቱ ደርሶበታል።

አንድ ደንበኛ ነበረው፤ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር። ከዚህ ሰው ራስ በላይ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «ሾፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ ኖሯል። ትእዛዙን ከአውቶቡሱ ከወረደም በኋላ ሳያከብረው አልቀረም። ባንኮኒው ጋ ይመጣና ካሴቱን ያስቀምጣል። «እንደምን ዋሉ?» ይላል። «ደህና፣ እርስዎስ?» ይላል ቆራጩ። ከዚያ ሁለቱም ካሴቱን ያያሉ። ሁለት ዓይን አፋሮች ፊት ለፊት ሲቆሙ፣ ካሴቱ ባይኖር ኖሮ ምን ሊያዩ ነበር?

ነገሩ የተጀመረው በእንቅፋት ነው። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ሾፌሩ ትልቋ ልጁ ብስክሌት ስትነዳ እየተከተለ ሲቀርጽ ባልዲ ጠለፈውና አንድ የማይጻፍ ስድብ አመለጠው። ወዲያው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለማይክራፎኑ ቅርብ ነውና ጥርት ብሎ፣ «አንተ ቆራጩ፣ ይቺን ቁረጥልኝ እባክህ፤ ሚስቴ እንዳትሰማ» አለ። ቆራጩ ብቻውን ሳቀ። ከዚያች ክፍል ሳቅ ወጥቶ ስለማያውቅ ፎቶ አንሺው በሩን ከፍቶ «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» አለው።

ከዚያ ወዲህ ያልተናገረበት ካሴት የለም። ባንኮኒው ጋ «እርስዎ» የሚለው ሰው ካሜራው ጀርባ ሲሆን «አንተ» ይላል። «አየሃት እንዴት እንዳደገች? ትናንት እኮ በእጄ ነበር የማነሳት።» ሌላ ጊዜ፣ «ዛሬ ወገቤን ይዞኛል፤ ከተንቀጠቀጠብህ ይቅርታ።» ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ «ትንሹ ሒሳብ ወደቀ። እናቱ አልሰማችም፤ ላንተ ነው የነገርኩህ፣ ቁረጠው።» መጨረሻ ላይ፣ ካሜራውን ከማጥፋቱ በፊት፣ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አለችው፤ «አንተስ፣ ምሳ በላህ?»

ቆራጩ እንደታዘዘው ይቆርጣል፤ ቆርጦ ግን አይጥልም። ኮምፒውተሩ ውስጥ «ትርፍራፊ» ብሎ ስም ያወጣለት ቦታ አለ፤ እዚያ አንዱን ካንዱ እየቀጠለ ያኖረዋል። እኩለ ቀን ላይ ምሳ ዕቃውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ትርፍራፊውን ይሰማል። «ምሳ በላህ?» ሲባል እያላመጠ ራሱን ይነቀንቃል። አንድም ቀን በቃል መልሶለት አያውቅም እንጂ፣ ጓደኛ አለህ ወይ ቢባል የሚጠራው ሌላ ሰው አልነበረውም።

አምና አንድ ካሴት ማለቂያ ላይ ሾፌሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቅዳሜ ትልቋ ትመረቃለች። ምሳ አለ፤ ና። ባንኮኒው ጋ ልነግርህ ነበር፤ አፌ ተሳሰረ።» ቆራጩ ይህን ሦስት ጊዜ መልሶ ሰማው።

ቅዳሜ ጢሙን ተላጨ፤ ጫማውን ወለወለ፤ ቡናማ ካፖርቱን ለበሰ። አድራሻ መጠየቅ አላስፈለገውም፤ ቤቱን በካሴት ጥግ ለጥግ ያውቀዋልና አጥሩን ገና ከሩቅ ለየው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ግቢው ሰው ሞልቶታል። ያን ጊዜ ልቡ ከዳው። «ማን ነኝ ብዬ ልግባ? የማን ወገን ነህ ቢሉኝ ምን ልል?» አለ። ከዚያ በመጣበት ተመለሰ።

ሰኞ ሾፌሩ የምርቃቱን ካሴት አመጣ። «እንደምን ዋሉ?» «ደህና፣ እርስዎስ?» ከዚያ ካሴቱን አዩት። ቆራጩ ይቅርታ ሊል ፈልጎ ደረሰኝ ቆረጠለት።

ካሴቱን ሲያስገባ ልጅቷ ኬክ ስትቆርስ ታየች። ከዚያ ካሜራው ሳይታሰብ ወደ ግቢው በር ዞረ። በበሩ አሻግሮ መንገዱ ይታያል፤ መንገዱ ላይ ቡናማ ካፖርት የለበሰ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል። ሰውየው ማዕዘኑን ዞሮ እስኪሰወር ካሜራው ተከተለው። ሾፌሩ ትንፍሽ አላለም። እስከ ካሴቱ መጨረሻም ምሳ በላህ አላለም። ቆራጩ በዚያ ሁሉ ዓመት በቪዲዮ ሲታይ የመጀመሪያው ነበር፤ እሱም ጀርባው። «ተቀየመኝ» ብሎ ደነገጠ፤ ቆረጠና ትርፍራፊው መጨረሻ ላይ አኖረው።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ሾፌሩ ሞተ። ልቡ ነው አሉ። ቆራጩ ለቅሶም አልደረሰ፤ እዚያስ ማን ነኝ ብሎ ይቀመጥ? ምሳ ዕቃውን ግን ለብዙ ቀን ሳይከፍተው ወደ ቤቱ ይመልሰው ነበር።

ወራት አልፈው የሾፌሩ ሚስት መጣች። በሩ ላይ ቆማ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛለች።

«ወንድሜ፣ የባለቤቴን ድምፅ ይፈልጉልኝ። ዲስኮቹን ሁሉ አየናቸው፤ እሱ የለም። የሚቀርጸው እሱ ነው፣ አይታይም፤ ድምፁም በሙዚቃ ተሸፍኗል። ሳሉ እንኳ የለችም። ካሴቶቹ ላይ ደግሞ እየመላለሰ ሌላ ሲቀርጽባቸው ኖሯል።»

«እፈልጋለሁ» አለ ቆራጩ። የት እንዳለ ያውቃል እኮ! ጭንቁ ሌላ ነበር። ያ ሁሉ ወሬ የተነገረው ለእሱ ነው። ባሏ የሆዱን ለባዕድ ሲያወራ ብትሰማ ምን ይሰማታል? እሱስ የሰው ምስጢር አጠራቅሞ ምሳውን ሲበላበት መኖሩን በምን አፉ ይነግራታል? ስለዚህ ሦስት ቀን ተቀምጦ ራሱን ቆረጠ። «አንተ ቆራጩ» የሚለውን ሁሉ አወጣ። ምሳ በላህ የሚለውን አንድ በአንድ ለቀመ። ጀርባውንም አስቀረ። አርባ ደቂቃ የነበረው አሥራ አንድ ደቂቃ ሆነ። እንዲህ ያመመው ሥራ ሠርቶ አያውቅም።

ሚስትየዋ ዲስኩን አመስግና ወሰደች። በአራተኛው ቀን ይዛው ተመለሰች።

«ድምፁ የእሱ ነው» አለች። «ግን ጎድሏል።»

«እንዴት ጎደለ?»

«ለእርስዎ ያወራው የት ሄደ?»

ቆራጩ ወደ ኮምፒውተሩ ዞር አለ።

«እርስዎ እኮ እኛ ቤት የታወቁ ሰው ነዎት። ትንሹ ሒሳብ የወደቀ ጊዜ አባቱ ‹ለቆራጩ ነግሬልሃለሁ፤ ለእናትህ ደግሞ አንተው ንገራት› ብሎ ነው የላከብኝ። ልጆቹ ‹አባዬ፣ ቆራጩን ሰላም በልልን› ይሉት ነበር።»

«ስድቡንም...?»

«የባልዲውን? እዚያው ቆሜ አልነበር! ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል» አለችና ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶ ነበር።

ቆራጩ መሬት መሬት አየ። «በምርቃቱ ቀን ተቀይሞኛል። ከዚያ ወዲያ አላናገረኝም።»

«ማን? እሱ? ማታ ካሜራውን ከፍቶ ካፖርትዎን ለሁላችንም አሳየን። ‹በር ድረስ መጣ እኮ!› አለ። ደስ ብሎት የሚሆነውን አሳጣው። ‹ብጠራው ይሮጣል ብዬ ነው ዝም ያልኩት› አለ። ‹ለሚቀጥለው ይገባል፤ አይዞሽ፣ ተዪው፣ ቀስ ብሎ ይለምዳል› ይል ነበር።»

ቆራጩ ከወንበሩ ተነሳ። ያቺን አንዲት ወንበር ለሴትየዋ ሰጣትና እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ትርፍራፊውን ከመጀመሪያው ከፈተ፤ ከዚያ የማዳመጫውን ገመድ ከመሰኪያው ነቀለው። የሾፌሩ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍሏን ሞላት። ስድቡም ወገቡም ሒሳቡም ተሰማ፤ ሴትየዋ አንዴ እየሳቀች አንዴ እያለቀሰች አዳመጠች።

«አንተስ፣ ምሳ በላህ?» አለ ሾፌሩ።

«አልበላሁም» አለ ቆራጩ፣ ድምፁን አሰምቶ።