የሚጣል ሳህን

ያኔ አረብ አገር፣ ጀራዲያ በሚባል ሰፈር ውስጥ በአንዲት ክፍል አብራኝ የምትኖረው ልጅ አራስ ነበረች። ባሏን ፖሊሶች በፍተሻ ይዘው ወደ አገር ከመለሱት ቆይቷል። ፉጣ የሚባለው ሰፈር የገብስ ዱቄት የምትሸጥልን ሴትዮ ፍተሻው ከበረታ ወዲህ ሱቋን ዘግታ ስለጠፋች ገንፎ እንኳን ልሠራላት አልቻልኩም። አራሷ ዳቦ በሻይ ብቻ እየበላች ጡቷ ነጠፈ። ሕፃኑ ሲያለቅስ መቀመጥ አልችልም፤ በዚያች ጠባብ ክፍል ስንቆራጠጥ እውላለሁ።

የሰፈሩ መስጊድ በር ላይ የተረፈው ሰው ምግብ የሚያስቀምጥበት፣ የቸገረው የሚወስድበት ፍሪጅ አለ። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ስለሌለኝ የምወጣው ከቀትር በኋላ፣ ሙቀቱ መንገዱን ጭር ሲያደርገው ነው። አንድ ቀን፣ መኪና ቀስ ባለ ቁጥር ፖሊስ እየመሰለኝ ግድግዳ ታክኬ ደረስኩና ስከፍተው በአሉሚኒየም ሳህን ጀሪሽ አገኘሁ፤ የተከካ ስንዴ በእርጎ ተቀቅሎ፣ ቅቤ የጠጣ። ገንፎ ባይሆንም የገንፎ ዘመድ ነው። አራሷ ጠርጋ በላችው። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ከዚያ ሳህኑን አጥባ እንድመልሰው፣ ባዶውን ግን እንዳይሆን ነገረችኝ። ተናደድኩ። ለአንድ ሳህን ብዬ ልያዝ? እሷ ግን የሰው ዕቃ ባዶ መመለስ ነውር ነው ብላ ድርቅ አለች። ለነገ ዳቦ ያልነውን ዱቄት አቡክታ፣ ዳቦ ቆሎ ቆልታ ሞላችው። እያጉረመረምኩ ወሰድኩት።

ስደርስ አንዲት ሰፊ ጥቁር አባያ የለበሰች ልጅ ፍሪጁ ውስጥ ምግብ ትደረድራለች። ያገሬ ልጅ ናት፤ ፊት ለፊት ካለው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ። ሳህኑን ስዘረጋላት ሳቀች።

«ወላሂ እህቴ፣ ይሄ እኮ የሚጣል ነው። ማንም አይመልሰውም።»

አፍሬ ልሄድ ስል ክዳኑን ገለጥ አድርጋ አንድ ፍሬ ቀመሰች። ሳቋ ቆመ። ከአገር ከወጣች ወዲህ ዳቦ ቆሎ በአፏ እንዳልዞረ ነገረችኝ። ምግቡን ለማን እንደምወስድ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ሳህኑን አባያዋ ሥር ሸሽጋ ወደ አሠሪዎቿ ቤት ገባች።

ከዚያ ወዲህ ሳህኑ በእሷና በእኛ መካከል ሲመላለስ ከረመ፤ የምናስቀምጠው ፍሪጁ ውስጥ ከውሃ ጠርሙሶቹ ኋላ ነው። እሷ ከጀሪሹ ሥር ሥጋ ትደብቅልናለች፤ እኛም ባዶ መልሰን አናውቅም። የአራሷ ጡት ሞላ። እኔ ግን በወጣሁ ቁጥር ዓይኔ መኪና ላይ ነው።

አንድ ቀን ስሄድ ያስቀመጥኩት ዳቦ ቆሎ ሳይነካ ጠበቀኝ። በማግስቱም እንዳለ ነበር። ልጅቷ ከምትሠራበት ቤት ሌላ ሴት ምግብ ይዛ ወጣች፤ አማርኛ አትሰማም። ስለ ልጅቷ በአረብኛ ብጠይቃት «ኸላስ፣ በቃ፣ ሄደች» አለችኝ። የት እንደሄደች አታውቅም፤ ማወቅም የፈለገች አልመሰለኝም። ሳህኑን አባያዬ ሥር ከትቼ፣ በየመኪናው ድምፅ እየደነገጥኩ ተመለስኩ።

በሩን ስከፍት አራሷ ልጇን እያጠባች ነበር። ያቺ ያገራችን ልጅ ዳቦ ቆሎውን ወዳው እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«ጨርሳዋለች» አልኳት። ሳህኑ እንደሞላ ከአባያዬ ሥር ነበር።