መጨረሻው ምንተስኖት ጋ ነው

ምንተስኖት ቡታጅራ መናኸሪያ አጠገብ፣ የሞባይል ካርድና እስክሪብቶ በሚሸጥባት ጠባብ ሱቁ ተቀምጦ ስልኩን ሲያይ ፊቱ ኮምጣጤ የቀመሰ ይመስላል። የሚያየው የድሮ ልብ ወለዶች የሚለጠፉበትን የቴሌግራም ቻናል ነው። ቀን ሙሉ ይሰድበዋል፤ ቀን ሙሉ ግን ከዚያ አይወጣም።

ገጹን ፎቶ ያነሳው ሰው አውራ ጣት አብሮ ተነስቷል። ልጅቷ ለፍቅረኛዋ የምታለቅስበት መስመር ላይ የቻናሉ ስም በደማቁ ተለጥፏል። ከሥር አንባቢዎቹ ተሰልፈዋል፤ «አድሚን ተባረክ»፣ «ቀጣዩ መቼ ነው»። በድምፅ የሚተርኩትማ ባሱ። ሰላዩ በር ሰብሮ ሲገባም፣ ልጅቷ ሽንኩርት ስትከትፍም ያው አልቃሻ ክራር ከኋላ ይንቆረቆራል። «ሽንኩርቱ ነው እንዴ የሚያስለቅሳቸው» ይላል ምንተስኖት ለራሱ።

እነዚህኑ መጻሕፍት በሰማንያዎቹ እዚችው ሱቅ ውስጥ ያከራይ ነበር። ተከራዮቹ መጽሐፍ ይዘው እየጠፉ ሲያስቸግሩት አንድ ዘዴ ዘየደ። የእያንዳንዱን ልብ ወለድ የመጨረሻ ምዕራፍ በምላጭ ቆርጦ ለብቻው ሰፋው። መጽሐፉን የመለሰ ሰው ብቻ መጨረሻውን መስኮቱ ላይ ቆሞ ያነባል። መታወቂያ አያስይዝም፤ የሰውን ጉጉት ነበር የሚይዘው። መምህሩ፣ ልብስ ሰፊው፣ በርበሬውን ሸጦ የሚመለሰው የመስቃን ነጋዴ፣ ሁሉም ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ እዚያ ቆሟል። አንዳንዱ አልቅሷል። ምንተስኖት ከውስጥ ሆኖ ይስቅባቸው ነበር።

ሁሉም ይመልሳል። ጥሩወርቅ ብቻ አልመለሰችም።

የወንጌላዊ ልጅ ነበረች። አባቷ ዓለማዊ መጽሐፍ ቤቱ እንዲገባ አይፈቅድም፤ እሷ ግን ነጠላዋ ሥር ሸጉጣ ታስገባለች። አንድ ቀን «ጽጌረዳና ጥይት» የሚባለውን ይዛ ሄደች። ብዙም ሳይቆይ ቤተሰቡ ከከተማው ለቀቀ፤ ልጅቷም መጽሐፉም በዚያው ቀሩ።

ያ የሰው እንባ የሚያስቀው ሰው የራሱን ልብ ወለድ መድረስ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። አባቷ አግኝቶባት ይሆን? ወይስ ለማስታወሻ ብላ ሆን ብላ አስቀረችው? ሱቁን በከፈተ ቁጥር በራሱ ዜማ ያንጎራጉራል፦

መጽሐፉን ወሰድሽው፣ ይሁን አልቀየምሽም፤
መጨረሻው እኔ ጋ፣ አንቺ ግን የለሽም።

ሚስት ሳያገባ ሰላሳ ዓመት አለፈ። ሰው ቆንቋና ስለሆነ ነው ይላል፤ እሱም አላስተባበለም።

አንድ ሰኞ ቻናሉን ሲያገላብጥ «ጽጌረዳና ጥይት» ተለጥፎ አገኘ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በኪራይ ጊዜ ይመታው የነበረው የእሱ ሐምራዊ ማኅተም አለ። ከሥሩ «መጨረሻው ጎደሎ ነው፣ ያላችሁ ተባበሩን» ይላል። ሱቁን ቆልፎ ከመንገዱ ማዶ ስልክ ወደሚጠግነው የቻናሉ ባለቤት ወደ ራምዚ ሄደ።

«ይሄን መጽሐፍ ከየት አመጣኸው?»

«ሰላምታ ይቀድማል፣ ጋሼ ምንተስኖት።»

«ከሌባ ጋር ሰላምታ የለኝም።»

ራምዚ ከያዘው ስልክ ቀና ሳይል ሳቀ። «ወልቂጤ መጋረጃ የምትሸጥ ሴትዮ ናት የሰጠችኝ። ጥሩወርቅ ትባላለች። ባሏ ካረፈ በኋላ ቤቷን ስታጸዳ አንድ ካርቶን አሮጌ መጽሐፍ አወጣች። መጨረሻው አንተ ጋ ነው አይደል? ላክልንና ሕዝቡ ይረፍ።»

«አምስት መቶ ላይክ ካልሞላ ክፍል ሁለትን የማትለቅ ሰውዬ፣ ስለ ሕዝብ ታወራለህ?»

«አንተስ በምላጭ አልነበር እንዴ ጋሼ?»

ምንተስኖት የሰማው ግን አንድ ስም ብቻ ነበር።

በማግስቱ የተሰፋውን ምዕራፍ ኮቱ ውስጥ ከትቶ ሚኒባስ ተሳፈረ። አረቅጥ ላይ ጉም መንገዱን ሸፈነው፤ እንሰቱ ብቅ ጥልቅ እያለ ያልፋል። እሱ ግን የሚላትን ያጠና ነበር። ለምን አልመለስሽውም ይላታል። እሷ አንገቷን ትደፋለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ደጋግሞ አሳመረው።

ወልቂጤ ሲደርስ ጥሩወርቅ ሜትሯን አንገቷ ላይ አድርጋ ለደንበኛ ጨርቅ ትለካ ነበር። ወፍራለች። እንዳየችው አወቀችው።

«ውይ፣ የቡታጅራው አከራይ። ፀጉርህ የት ሄደ?»

«መጽሐፌን ለምን አልመለስሽውም?» አለ። የመጣው ይህን ለመጠየቅ ነውና ሌላው ሁሉ ጠፋበት።

«የቱን?»

«ጽጌረዳና ጥይትን።»

«እሱን እንዴ። አርባኛው ገጽ ላይ ተውኩት፤ ሻምበሉ አሰለቸኝ። ከዚያ የፀጉር ቅባት ደፋሁበት። አንተ ደግሞ ክፉ ነበርክ፤ ትጮህብኛለህ ብዬ ደበቅኩት።»

«መጨረሻውን ለማወቅ አልጓጓሽም?»

«የማንን መጨረሻ?»

ምንተስኖት በተጠቀለለ የመጋረጃ ጨርቅ ላይ ቁጭ አለ። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ያንጎራጎረው ለአንድ ጠብታ የፀጉር ቅባት ነበር። ደንበኛዋ ዞር ብላ አየችው። ያፍራል ሲባል ተቆጣ።

«አርባኛው ላይ ገና ምን ተጀመረና? ሃምሳኛው ላይ እኮ የጠፋ ወንድሙን ያገኘዋል። ወንድምየው ደግሞ ከማን ጋር ነው ያለው? ሳታነቢ እንዴት ትፈርጃለሽ?»

«ቂል መጽሐፍ ነው፣ ምንተስኖት።»

«ቂል ነው፤ ግን ይነበባል።»

ጥሩወርቅ መቀሷን አስቀምጣ አየችው። ከዚያ አንድ በርጩማ ወደ እሱ ገፋች።

«በል እዚህ ተቀመጥ፤ ጨርቄን ታጨማድድብኛለህ። መነጽሬ ቤት ቀርቷል። አንተው አንብብልኝ።»

መጽሐፉ ራምዚ ጋ ነውና ስልኩን አውጥቶ ያንን የሚረግመውን ቻናል ከፈተ። አርባኛውን ገጽ አገኘ።

«‹ዝናቡ እንደ ልቤ ያለቅሳል፣ አለ ሻምበሉ።›» ምንተስኖት ራሱን ነቀነቀ። «አሁን ይሄን የጻፈ ሰው ዝናብ አይቶ ያውቃል?»

«ቀጥል» አለችው ጥሩወርቅ፣ ጨርቁን እየቀደደች።

ቀጠለ።