መዳፍ ላይ የተጻፈው መልስ

እህቴ የነርስነት የሙያ ፈቃድ ፈተናውን ለሁለተኛ ጊዜ ልትወስድ ከካቺሲ ወደ አምቦ፣ እኔ ቤት መጣች። ካቺሲ ያለው ጤና ጣቢያ ቦታዋን ያቆየላት እስከዚህ ፈተና ድረስ ብቻ ነው። ከወደቀች ሌላ ሰው ይቀጠርበታል።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ አጎታችን ከጊንጪ ደወሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩ፣ የኮረጀ ተማሪ ያዙ እንደሆነ ወላጅ ሳያስጠሩ የማይለቁ ሰው ናቸው።

"ፈተናው ወጥቷል" አሉኝ በሹክሹክታ።

በቴሌግራም የላኩልኝ መልስ ብቻ ነበር። ኤ፣ ሲ፣ ሲ፣ ዲ እያለ የሚወርድ የፊደል ሰልፍ።

"ጋሼ፣ ጥያቄውስ?"

"መልሱ እያለ ጥያቄው ምን ያደርግልሃል?"

"ማን ሰጠዎት?"

"ታማኝ ምንጭ ነው። አትመራመር!"

በዜና ሥራ ስኖር "ታማኝ ምንጭ" ያለኝን ሰው ቃል ሳላጣራ ጽፌ አላውቅም። ያን ቀን ግን ፊደላቱን በወረቀት ገልብጬ ኪሴ ከተትኩ።

ጠዋት የፈተናው ግቢ በር ላይ ተፈታኞቹ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እየተወዛወዙ ፊደል ይሸመድዳሉ። አራት ዓመት የተማሩ፣ ነገ የሰው ሕይወት የሚረከቡ ሰዎች ናቸው። የእህቴ የክፍል ጓደኛ መዳፏን ዘረጋችላት፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ እስከ አንጓዋ በፊደል ተሞልቷል።

"ቶሎ ያዢው፣ ሳንገባ በምራቅ አጠፋዋለሁ።"

"በምራቅ? ነርስ እኮ ነሽ! ሄደሽ ታጠቢ" አለቻት እህቴ።

እኔ ደግሞ እጄን ወደ ኪሴ ሰድጄ ነበር። እህቴ የወረቀቱን ጫፍ አየችው።

"አንተም? ጋዜጠኛው! አጣርተኸዋል?"

"ለማስረጃ ነው" አልኩ። ያን የመሰለ ደካማ ውሸት ከባለሥልጣን አፍ እንኳ ሰምቼ አላውቅም።

"ይልቅ እንደ እማዬ 'ጃባዱ' በለኝና ሂድ።"

"ጃባዱ፣ በርቺ" አልኳት። ገባች።

ውስጥ የሆነውን በኋላ ነገረችኝ። ፈተናው በኮምፒውተር ነው፤ የጥያቄው ቅደም ተከተል ለእያንዳንዱ ሰው ይለያያል። ይህን እሷም ጓደኛዋም ባለፈው ጊዜ አብረው ሲወድቁ አይተውታል። ጓደኛዋ ግን አሁንም ጥያቄውን ሳታነብ የሸመደደችውን ፊደል በተርታ ተጫነችና ገና በጊዜ ተነሥታ ወጣች። ወንበሩ ሲንኳኳ የእህቴ ልብ አብሮ ወጣ። ባለፈውም የጣላት ይኸው ነበር፤ ሰው ሲነሣ አይታ ተጣድፋ ጨረሰች።

በዚህኛው ጊዜ ሁለት ጣቶቿን አንጓዋ ላይ አሳረፈች። ሰዓት ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ስክሪኑ ላይ ግን ሌላውን ሁሉ የሚያስደነግጠው የቀሪ ጊዜ ቆጣሪ አለ። በእሱ ሰከንድ አንድ ሙሉ ደቂቃ የራሷን የልብ ምት ለካች።

"መቶ አሥራ ስምንት ነበር" አለችኝ። "ለበሽተኛ የምለውን ለራሴ አልኩት፤ ተቀመጪ፣ የትም አትሂጂ።" ከዚያ ትኩሳት ስለያዘው ሕፃን ወደሚጠይቀው ጥያቄ ተመለሰች። የክፍሉን ባዶ ወንበሮች ያየቻቸው ስትወጣ ነው።

አለፈች።

አጎታችን ወዲያው ደወሉ። ለጊንጪ ዘመድ ሁሉ አዳርሰውታል። "አላልኩህም? ወረቀቱ ሠራ!"

"አላየችውም፣ ጋሼ።"

"እሱማ እንዲያ ነው የሚባለው!"

እህቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደች።

"ጋሼ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ይል ነበር?"

መስመሩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ነው አሉ፣ በማግስቱ።