የመቅደላዊት ደምና የኛኩዎል ዓሣ

ክልሉ አዲስ በተቋቋመበት ጊዜ፣ ጋምቤላ ከተማ አንደኛ ክፍል የምታስተምር መቅደላዊት የምትባል የደጋ ሴት ነበረች። የአንገቷ እጢ ሥራውን እያጓደለ፣ ጠመኔ እንደያዘች ቆማ እስከማንቀላፋት አደረሳት። ሐኪም ቤት ኪኒን ታዘዘላት። ምርመራው እዚህ ስለማይሠራ ደሟ በየጊዜው አዲስ አበባ ይላካል። ጎረቤቷ ኛኩዎል ታዲያ፣ "መቅዲ፣ ደምሽ በአውሮፕላን ይሄዳል፤ አንቺ ግን እዚህ ቅርብ ኢታንግ እንኳ የምትሄጂው በጭነት መኪና ነው!" እያለች ታበሽቃታለች።

ፋሲካ ሲቃረብ ውጤቱ መጣ፤ ቁጥሩ ከፍ ብሏል። መቅደላዊት እንደ ፈተና ማርክ ቆጥራው "ተመስገን!" አለች።

"ማርክ አይደለም" አሏት ዶክተር ዘርአብሩክ። "እጢው ሲሰንፍ ጭንቅላት ውስጥ ያለው አለቃው ይጮኽበታል። ቁጥሩ ጩኸቱ ነው።"

"እንደ ዳይሬክተራችን በሉኛ!"

ኪኒኑን ጨመሩላት። ከፋሲካ በኋላ ያለው ሃምሳ ቀን ሲያልቅ ቁጥሩ ወርዶ ወለል ነካ፤ ልቧ ሮጣ የመጣች ይመስል ይደልቅ ጀመር። ቀነሱላት። የገና በዓል ሲቃረብ ቁጥሩ እንደገና ተሰቀለ። ዶክተሩ ግራ ገባቸው።

"የመጪው ፋሲካ ውጤት ካልተረጋጋ፣ ስፔሻሊስት ወዳለበት ወደ አዲስ አበባ እንዲዛወሩ ለትምህርት ቢሮ እጽፋለሁ።"

መቅደላዊት ክው አለች። ስሟን መጥራት አቅቷቸው "ቲቸር መቅላ" የሚሏትን ልጆች፣ በገዛ እጇ የተከለችውን ማንጎ ትታ የት ትሂድ? የኛኩዎል ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ኛኩዎል ከባሮ የሚመጣ ዓሣ ትሸጣለች፤ በእምነቷ ጴንጤ ናት። የመቅደላዊትን ነገር ሰምታ ጭኗን መታች።

"እኔ ገባኝ! ሁዳዴ ዓሣዬን እምቢ አልሽ፣ ተሰቀለ። በሃምሳው በላሽ፣ ወረደ። በገና ጾም እምቢ አልሽ፣ ተሰቀለ። መድኃኒቱ የእኔ ዓሣ ነው!"

እጇን ይዛ እየጎተተች ዶክተሩ ዘንድ ወሰደቻት። ዶክተሩ ሰምተው ሳቁ፤ ወዲያው ግን ሳቃቸውን ገቱ።

"በጾም ጊዜ ኪኒኑን መቼ ነው የሚውጡት?"

"በፍስኩ ማለዳ እውጣለሁ፤ በጾም ግን ጾሜን ሳልፈታማ አልውጥም! ዘጠኝ ሰዓት፣ ከሽሮው ጋር። ቅዳሴው ሲረዝም ደግሞ እረሳዋለሁ።"

"በባዶ ሆድ ይውሰዱ ብዬ አልነበር?"

"እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ነበረ እኮ!"

ዶክተሩ ራሳቸውን ያዙ። "እኔም አልጠየቅኩም" አሉ። "ኪኒኑ ከምግብ ጋር ሲሆን በደንብ አይሠራም። ማለዳ ብቻውን፣ በውሃ ይዋጥ።"

"ጾሜስ?"

መልሱን ፍለጋ ወደ ንስሐ አባቷ ወደ አባ ጥዑመልሳን ሄደች።

"ልጄ፣ መድኃኒት ምግብ አይደለም" አሏት። "በምትቆርቢበት ቀን ብቻ ከቁርባን በኋላ አድርጊው። እኔ ራሴ የደም ግፊቴን ኪኒን በማለዳ አይደል የምውጠው? እሱን ብተው ማን ሊቀድስልሽ ነው?"

ያን ሁዳዴ ማለዳ ማለዳ አማትባ ኪኒኗን ዋጠች፤ ዓሣም አልቀመሰችም። በሰሙነ ሕማማት የመጣው ውጤት ልክ መሆን ያለበት ቦታ ላይ ነበር። "እንግዲህ የምጽፈው ደብዳቤ የለም" አሉ ዶክተሩ። መቅደላዊት ከደስታዋ ብዛት ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ስትሰግድ ዋለች።

በፋሲካ ማግሥት ኛኩዎል ትልቅ ዓሣ ተሸክማ መጣች።

"ሳልበላ ነው የዳንኩት እኮ" አለቻት መቅደላዊት።

"አውቃለሁ። ይሄ ግን እንዳይመለስብሽ ነው" አለች ኛኩዎል፤ ቢላዋም ጠየቀች።