ቀጥ ያለው ቦይ

አሰላ ውስጥ መሬት ሊቆፈር ሲታሰብ፣ ከዶማና ከአካፋ በፊት የሚፈለገው እንደሻው ገብረ መድህን ነበር። የውሃ መስመር የሚያስገባውም፣ የጎርፍ ማፋሰሻ የሚያወጣውም፣ «እስቲ መጀመሪያ እንደሻውን ጥሩልኝ» ይል ነበር። ይህ ስም በአንድ ጀንበር የመጣ አይደለም።

እንደሻው ስምንተኛ ክፍልን ሲጨርስ የአባቱ መሬት ከወንድሞቹ ተርፎ የሚደርሰው ስላልነበር ከተማ ገብቶ የቀን ሠራተኛ ሆነ። የመጀመሪያ ሥራው ቦይ መቆፈር ነበር፤ እዚያው ቀረ። የከተማዋ የታችኛው ሰፈር አፈር መረሬ ነው፣ ኦሮሞዎቹ ኮቲቻ የሚሉት ጥቁር አፈር። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ሲጠጣ ያብጥና የመንገደኛ ጫማ አስወልቆ ያስቀራል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ማታለሉ ነው። አዲስ የተቆረጠ የመረሬ ግድግዳ ሸክላ መስሎ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ያየው ሁሉ «ይኼማ ግንብ ነው» ይላል። ግንብነቱ ውሃ እስኪያገኘው ነው።

እንደሻው ይህን ስለሚያውቅ የሱ ቦይ አፉ ሰፊ፣ ሥሩ ጠባብ ነበር። ግድግዳውን ወደ ኋላ ጋደል አድርጎ ይቆርጠዋል፤ የወጣውንም አፈር ከአፋፉ አርቆ ያስከምራል። ብዙ አፈር ያወጣል፣ ሥራው ይዘገያል፣ ለዓይንም አይስብም። ነገር ግን በሱ ቦይ ውስጥ ሰው ተቀብሮ አያውቅም። ስለዚህም የቆፋሪዎቹ አለቃ፣ ካቦ፣ ሆነ። ከጊዜ ብዛት ስሙን የሚጠራው ጠፋ። ባጃጅ ነጂው ሳይቀር «ካቦ፣ ላድርስህ?» ይለዋል። እሱም ባይሄድ እንኳ ያንን ቃል ለመስማት መንገድ ዳር ቆም ይል ነበር።

አምና በበልግ መግቢያ በታችኛው ሰፈር የጎርፍ ማፋሰሻና የውሃ ቱቦ ሊገባ ሆነ። ሥራውን የምትመራው ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች፣ የአፈሩን ጠባይ ገና ያላወቀች፣ ፅዮን የምትባል ወጣት መሐንዲስ ነበረች። ሁለት ቡድን አቆመችና እንዲህ አለቻቸው፦

«ጋሽ እንደሻው ከላይ፣ ኢርሻድ ደግሞ ከታች ትጀምራላችሁ። ጋሪ ማቆሚያው ጋ ትገናኛላችሁ። ከዚያ ወዲያ ወደ ገበያው የሚሄደው ትልቁ መስመር ግን አንድ ካቦ ነው የሚኖረው። ሥራችሁን አይቼ እወስናለሁ።»

እንደሻው ዞር ብሎ ኢርሻድ የተባለውን አየ። ከዴራ የመጣ፣ ረጅም፣ ከሱ በብዙ የሚያንስ ሰው ነው። ወገቡ ላይ ሲባጎ ጠቅልሎ አስሯል። «ቦይ ቆፋሪ ነው ወይስ ልብስ ሰፊ?» አለ እንደሻው ለሰዎቹ። ሳቁለት።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። ኢርሻድ ባደገበት ደረቅ ቆላ ዝናብ አይበዛም፤ ቀጥ አድርገው የቆረጡት ቦይ ቀጥ እንዳለ ይከርማል። እሱም የለመደውን ይዞ መጣ። ሲባጎውን ወጥሮ፣ ጠበብ አድርጎ፣ ግድግዳውን ቁልቁል ያወርደዋል። ትንሽ አፈር ስለሚያወጣ ሥራው ይሮጣል፤ የማንንም ደጅ አይበላም። የሰፈሩ ሰው ቆሞ ያየው ጀመር።

አንድ ቀን እንደሻው ደጇን የሚቆፍርባት ዙቤዳ፣ ምላሷ የማይታጠፍ ባልቴት፣ ወገቧን ይዛ ወጣች።

«አንተ እንደሻው፣ ይኼ ቦይ ነው ወይስ ሐይቅ? ደጄን እኮ ጨረስከው!»

«እትዬ ዙቤዳ፣ አፈሩ ነው እንጂ እኔ መች ጠላሁ።»

«አፈሩማ ታችም ይኸው አፈር ነው። ሂድና የዚያን የዴራውን ሰው እጅ እይ። ማሻአላህ! ቢላ የገባበት ቅቤ ነው የሚመስለው። አንተ በአካፋ ነው በማንኪያ የምትቆፍረው?»

ሰዎቹ ሳቁ። ከሁሉ ይልቅ የሳቀው ደግሞ ስንት ዘመን አብሮት የቆፈረው ፍሰሐ መሆኑ የእንደሻውን አንጀት አሳረረው።

በምሳ ሰዓት ሌላ ጉዳይ እንዳለው ሰው ዘወር ዘወር ብሎ ወደ ታች ወረደ። የኢርሻድን ቦይ ሲያይ መጀመሪያ አፉ ተከፈተ። እውነትም ያምራል። ቀጥሎ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ዐረፈ። ይናዳል፣ አለ በልቡ። ዝናብ ሲመጣ ይህ ሁሉ ይናዳል።

ኢርሻድ ከቦዩ ውስጥ አየውና ፊቱ በራ። «ኦቦ እንደሻው! እንኳን መጡ። የከተማው ሰው ሁሉ ስለርስዎ ነው የሚያወራኝ። እስቲ ይዩልኝ፣ ምን ጎድሎታል?»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እንደሻው አፋፉ ላይ ቆሞ አፉን ጠራረገና፣ «ምንም አልጎደለውም። እጅህ ይባረክ» ብሎ ተመለሰ። የመረቀው እሱ መሆኑን ራሱም አላመነውም።

ሚስቱ አልጣሽ ከሁለቱ ቡድኖች መካከል ሸራ ወጥራ ለቆፋሪዎቹ ሻይና አምባሻ ትሸጥ ነበር። ያን ዕለት እራት ሲበሉ ሳታስበው ቁስሉን ነካችው።

«ያ ኢርሻድ እንዴት ያለ ጨዋ ነው! የጠጣበትን ብርጭቆ ራሱ አለቅልቆ ነው የሚመልስልኝ።»

«እኔስ አለቅልቄልሽ አላውቅም?»

«አንተ? አንተማ ብርጭቆውን እዚያው ቀብረኸው ነው የምትመጣው።»

እሷ ሳቀች። እሱ እንጀራውን እየቆረሰ ሳይጎርሰው ቆየ። «ይሳቅ ግድ የለም። ዝናብ ሲመጣ ቀጥ ያለ ቦይ ምን እንደሚሆን እናያለን።»

«ምን ይሆናል?»

«መረሬ ነው እኮ። ውሃ ሲጠጣ ይነፋና፣ ከዚያ ዝርግፍ!»

የአልጣሽ እጅ ትሪው ላይ ቆመ። «ውስጡ ያሉት ሰዎችስ?»

«እነሱ ያውቃሉ» አለና እጁን ሊታጠብ ተነሣ።

በማግስቱ እንደሻው ከሱቅ ሲባጎ ገዝቶ መጣ። «ከዛሬ ጀምሮ ቀጥ አድርገን ነው የምንወርደው» አላቸው።

ፍሰሐ አካፋውን ተክሎ አየው። «ካቦ፣ ዐሞሃል እንዴ? ይኼ እኮ መረሬ ነው።»

«የዴራው ሰው ሲቆርጠው መረሬ መሆኑን ይተዋል?»

«እሱ አያውቅም። አንተ ታውቃለህ።»

«ዝናቡ ሳይመጣ ቱቦው ይገባል። ቆፍር ነው የምልህ!»

ቆፈሩ። እውነትም ሥራው ሮጠ። ዙቤዳ ወጥታ ጠባቡን ቦይ አየችና፣ «አሁን ገና ሰው ሆንክ!» ብላ አሬራ በጣሳ አመጣችለት። እንደሻው አሬራውን ቆሞ ጨለጠው። እንዲህ ያለ የሚጣፍጥ አሬራ ጠጥቶ የሚያውቅ አልመሰለውም። ትልቁን መስመር እስካገኝ ብቻ ነው፣ አለ ለራሱ። ከዚያ በኋላ እንደ ድሮዬ እሆናለሁ።

ዝናቡ ግን ቱቦውን አልጠበቀም። ከጭላሎ በኩል ጠቁሮ የመጣ ደመና ከሰዓት በኋላ ሥራ አስፈታቸው፤ በረዶ ቀላቅሎ እስኪመሽ ወረደ። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ሲል እንደሻው ከቤቱ ወጣ። እግሩ የወሰደው ግን ወደ ራሱ ቦይ አልነበረም፣ ወደ ኢርሻድ ነው። እየሄደ ፊቱን የሐዘን ፊት ያለማምደው ነበር። «አይ፣ ወንድሜን! ምነው እንዲህ ሆነብህ?» የሚለውን ቃል እንኳ አዘጋጅቷል።

ቦዩ አልተናደም። ግራና ቀኝ ግድግዳው ላይ ጣውላ ተለጥፏል፤ በጣውላዎቹ መካከል የባሕር ዛፍ አጣና እየተቆረጠ አግድም ተወጥሯል። ኢርሻድ በባልዲ ውሃ ያስወጣል።

«ይኼን ማን አስተማረህ?» አለ እንደሻው። ድምፁ የሱ አልመሰለውም።

«አዴ አልጣሽ ናታ! ወላሂ፣ እናቴም አትበልጣትም። ‹ባለቤቴ መረሬ ውሃ ሲጠጣ ይናዳል ብሏል፣ ሰዎችህን አድን› ብትለኝ ሮጬ መሐንዲሷን ጣውላ ጠየቅኋት። ምስጋናው ለርስዎ ነው እኮ፣ ኦቦ እንደሻው። ራስዎ ሊነግሩኝ አፍረው ነው አይደል?»

ቢሰድበው ይሻለው ነበር። እንደሻው ዘወር ብሎ ዳገቱን ወጣ። ሚስቴ፣ ይል ነበር በልቡ፣ የኔው ሚስት፣ የኔኑ እውቀት።

ሰዎቹ ቦዩ አፋፍ ላይ ቆመው ጠበቁት። ማንም አልገባም። ፍሰሐ ከአፋፉ ትንሽ ራቅ ብሎ የሄደውን ቀጭን ስንጥቅ በእግሩ አሳየው። «ካቦ፣ ሊናድ ነው። ጣውላ እንለምን።»

«ከማን? ከኢርሻድ?»

«ከሰይጣንም ቢሆን!»

እንደሻው አካፋውን ነጥቆ ወረደ። የሱ ቀጥ ያለ ቦይ ያለ ጣውላ ሲቆም ሰው እንዲያይለት ፈልጎ ነበር፤ ሌላ ምንም አይደለም። ሁለት ሦስቴ አካፋውን እንዳነሣ መሬቱ ተነፈሰ። መረሬ ሲወርድ አይጮህም። ግድግዳው ሆዱን ነፋ አድርጎ መጣና እስከ እምብርቱ ቀበረው።

የፍሰሐ ጩኸት ሰፈሩን አወጣው። የኢርሻድ ሰዎች ጣውላቸውን ተሸክመው ዳገቱን በሩጫ ወጡ። ዙቤዳ ራሷን ይዛ፣ «በምላሴ ቀበርኩት! እኔ ነኝ በምላሴ የቀበርኩት!» እያለች ትዞራለች። አንዱ ገመድ ይዞ መጣ።

«እሰሩትና እንሳበው!»

«አትሳቡኝ!» አለ እንደሻው ከሥር። «ወገቤን ትበጥሱታላችሁ! መጀመሪያ ግድግዳውን ደግፉ፣ ከዚያ በእጅ!»

ኢርሻድ እንዳለው አደረገ። ጣውላውን አወረደ፣ አጣናውን በመዶሻ ወጠረ፣ ከዚያ ራሱ ገብቶ ተንበርክኮ ጭቃውን በእጁ ይዝቅ ጀመር።

«እግርዎ ይሰማዎታል?»

«በርዷል።»

«አይዞዎት። ይቺን ኮቲቻ አሁን አስተፋታለሁ።»

እንደሻው ሞት አጠገቡ ተቀምጦ እንኳ ዓይኑ አጣናዎቹ ላይ ነበር። ገና ትናንት የተማረው ሰው እንዴት አድርጎ ነው እንዲህ የሚወጥረው? ቅናት ጭቃ አይፈራም። ሲያወጡት መቆም አቃተው፤ ቁርጭምጭሚቱ ዞሯል። ቤቱ ድረስ ያዘለው ኢርሻድ ነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ፅዮን ብርቱካን ይዛ ልትጠይቀው መጣች። ተቀምጣ ጤናውን ከጠየቀች በኋላ ወደ ጉዳዩ ገባች።

«ጋሽ እንደሻው፣ ይህን አፈር ከርስዎ የሚያውቀው የለም። እያወቁ ለምን?»

እንደሻው አንዱን ብርቱካን አንሥቶ ያገላብጠው ጀመር።

«ኢርሻድ ሳያውቅ ነው ቀጥ ያደረገው። ሲነገረው አስተካከለ። ትልቁን መስመር ለሱ ሰጥቻለሁ። ሲሻልዎ ይምጡ፣ ከሱ ጋር ይሠራሉ።»

እሷ ስትወጣ ወደ ሚስቱ ዞረ። «የኔን ወስደሽ ለሱ ሰጠሽው።»

«አዎን ሰጠሁት» አለች አልጣሽ። «ያን ቀን እራት ላይ ፊትህን አይቼዋለሁ። የሰው ሬሳ የምትጠብቅ ነበር የምትመስለው። ቢቀበሩ ኖሮ አብረን ልቅሶ ልንደርስ ነበር? እኔ ሚስቶቻቸውን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

እንደሻው ወደ ግድግዳው ዞረ። «ቀንቼ ነው» አለ በመጨረሻ።

«መች ጠፋኝ» አለችና ብርቱካን ትልጥለት ጀመር።

እግሩ ሲጠና ሥራ ገባ። ትልቁ መስመር ገበያው ጋ ሊደርስ ተቃርቧል። ዶማውን ይዞ ከሌሎቹ ጋር ሲሰለፍ አንዱ ከኋላ «ካቦ!» ብሎ ተጣራ። እንደሻው ቀና አለ፤ «አቤት» ያለው ግን ኢርሻድ ነበር። ፍሰሐ አየውና ቶሎ ዓይኑን መለሰ። ያ ከጭቃው ይልቅ ከበደው።

ኢርሻድ ወደሱ መጣ። «ኦቦ እንደሻው፣ ከዚህ ወዲያ አፈሩ መልኩን ለወጠብኝ። ጣውላ ያስፈልገዋል ወይስ እንዲሁ ይቆማል? ጣውላው አጥሮኛል፣ እርስዎ ያሉትን ነው የማደርገው።»

እንደሻው ጎንበስ ብሎ አንድ እፍኝ አነሣ። በጣቱ አሸው። መረሬ ነው፤ ከላይ ቀላ ያለ አፈር ታጥቦ ስለተኛበት ነው መልኩ የተለየው። «ይቆማል» የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ መጥቶ ተቀመጠ። አንዲት ቃል ናት። ማንም አያውቅበትም። ኢርሻድ ምንም ሳይጠረጥር ፊት ፊቱን እያየ ይጠብቀዋል፤ ከኋላው ፍሰሐ ሊወርድ እጅጌውን ይሰበስባል።

«አይቆምም» አለ እንደሻው። ቃሉ ሲወጣ እንደሚነቀል ጥርስ አመመው። «ጣውላ ካጠረህ ጋደል አድርጋችሁ ቁረጡት። ሰፊ ይሁን። ባለ ደጆቹ ይሳደቡ።»

«እሺ፣ ኦቦ» አለ ኢርሻድ። ዞር ብሎም በትልቅ ድምፅ ለሰዎቹ አዘዘ። የታዘዘው የእንደሻው ቃል ነው፤ የታዘዙት ግን ለኢርሻድ ነው። እንደሻው እንደ ሌላው ሰው ቦታውን ይዞ፣ ፊቱን አኮሳትሮ፣ መሬቱን መታው።